ቦዩ የሚያበቃበት ቦታ፦ የ2008 ዓ.ም. በልግ የሥራ ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ ከየካቲት እስከ ግንቦት 2008 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከጣርማበር ገደል ሥር በሚገኝ አንድ ጎጥ የሠራነውን የጎርፍ መቀልበሻ ሥራ የመዘገብሁበት ነው። በቀበሌው ከተመደብነው ሦስት የልማት ሠራተኞች አንዱ ሰብሉን፣ አንዷ እንስሳቱን ይዘዋል፤ የተፈጥሮ ሀብቱ ድርሻ የእኔ ነው። ደብተሩን የከፈትሁት ለሪፖርት እንዲሆነኝ ነበር፤ ከሚያዝያ 10 ሌሊት ወዲህ ግን ለሪፖርት የማይሆነውንም መጻፍ ጀመርሁ። የተሳሳትሁበትን ገጽ አልቀደድሁም።

የካቲት 14፣ ሰኞ

ከጎጡ በላይ ያለውን ኮረብታ ከሁለት አርሶ አደሮች ጋር ከግርጌ እስከ ራስጌ በእግር ዞርነው። ውሃውን ወደ ጎጡ የሚያፈስሰው ገጽ 24 ሄክታር ያህል ነው። ከሥሩ 31 ቤተሰብ ይኖራል፤ ከቤቶቹ በታች የማሽላና የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው በታች ደግሞ ሌላ ጎጥ አለ።

ያለፈው ክረምት በኤል ኒኞ ሳቢያ ዝናብ ነፍጎ ስለከረመ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በታኅሣሥ ወር ተነግሯል። ኮረብታውን ያየ ሰው ይህን ቁጥር ለማመን ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ ሣሩን ከብቱ እስከ ሥሩ ግጦታል፣ ቁጥቋጦውን ደግሞ እህል መግዣ ያጣ ሰው ለከሰል ቆርጦ ሸጦታል። የአፈሩ ገጽ እንደ ምጣድ ጠጥሯል። እንዲህ ያለ መሬት ዝናብ ሲመጣ የሚጠጣው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን ቁልቁል ይለቀዋል። በ1 ሄክታር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነውና፣ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ ብቻ እንኳ ቢሸሽ 3,600 ሜትር ኩብ ውሃ በጎጡ ላይ ይወርዳል ማለት ነው።

የበልጉ ዝናብ ከህንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚነሣ እርጥብ አየር የሚመጣ ሲሆን፣ ያ አየር ከገደሉ ጋር ሲላተም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ያወርዳል። ለቆላው ገበሬ ግን በልግ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ የሚዘራበት ወቅት ነው። ስለዚህ የምንፈራውም የምንጠብቀውም ያንኑ ዝናብ ነው።

የካቲት 17፣ ሐሙስ

የመቀልበሻ ቦዩን መስመር ቀየስን። መሣሪያችን 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት እኩል የተለኩ ሸምበቆዎችና በሲባጎው መካከል የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ ነው። ቦዩ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲወርድ ስለፈለግን፣ በአንደኛው ሸምበቆ ላይ ሲባጎውን 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገን አሰርን፤ አረፋው መሐል ሲገባ ሁለተኛው ሸምበቆ የቆመበት ነጥብ ላይ ችካል ይተከላል። መስመሩ በሙሉ 460 ሜትር ሆነ።

ጠዋት የተከልናቸውን ዐሥራ ሁለት ችካሎች ከሰዓት በኋላ ነቅለን እንደገና ለካን፤ ሸምበቆውን የያዘው ልጅ ባቄላ የምታህል ጠጠር ባገኘ ቁጥር እርሷ ላይ ያቆመው ነበር። ሳቅን እንጂ አልተቆጣነውም፤ መሬቱን ጥረግ ብሎ የነገረው ማንም አልነበረም።

የካቲት 22፣ ማክሰኞ

የሥራ ቀን መምረጥ ከቅየሳው ይልቅ ከበደ። ክርስቲያኑ ከእሑድ ሌላ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምንና በዓለ እግዚአብሔርን አያርስም፤ ሙስሊሙ ዓርብ ለጁምዓ ይሄዳል፤ የገበያ ቀን ደግሞ የሁሉም ነው። ቄሱና ሼሁ በአንድ ግራር ሥር ተቀምጠው ወሩን በጣታቸው ቆጠሩትና ሁሉንም የሚያስማሙ 11 ቀናት ወጡ። በመጨረሻ የተወሰነው፣ ዓርብ ቀን ክርስቲያኑ፣ በክርስቲያኑ በዓል ቀን ሙስሊሙ እየተፈራረቀ እንዲቆፍርና በ11ዱ ቀናት ሁሉም አብሮ እንዲወጣ ነው። ወደ ጽሕፈት ቤት በምልከው መርሐ ግብር ላይ ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ የለም።

የካቲት 30፣ ረቡዕ

ቁፋሮው ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። የቦዩ አፍ 1.2 ሜትር፣ ወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ባለፈው ዓመት በሌላ ጎጥ ያስቆፈርሁት በዚሁ ልክ ስለነበር አልለወጥሁትም። 38 ሰው ወጥቷል። ሁለት ሆነው፣ አንዱ በዶማ እየቆፈረ ሌላው በአካፋ እያወጣ በቀን 3 ሜትር ይጨርሳሉ፤ የሚወጣውን አፈር በባሬላ ወደ ታችኛው ጠርዝ አጓጉዘን በእግር እየጠቀጠቅን ግድብ እናደርገዋለን።

ሁዳዴ ሰኞ ዕለት ገብቷል። ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምስና የቆላው ፀሐይ ከአምስት ሰዓት በኋላ ስለማያስቆም፣ ሥራውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን አምስት ሰዓት ላይ እንበትናለን።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ዝናቡን የምለካው ግድግዳው ቀጥ ባለ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ በግቢው መካከል ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በችካል ላይ ታስሯል፤ በማስመሪያ ሲለካ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ። ቦዩ ውስጥ ውሃ አልታየም፤ መሬቱ ጠጣው። እናቶች እልል አሉ።

መጋቢት 22፣ ሐሙስ

ቦዩ አለቀ። የመጨረሻው ጫፍ የታችኛው ጎጥ ማሳ አናት ላይ ካለች ጎድጓዳ ስርጥ ይደርሳል። በስርጧ ግርጌ ማሳ ያላቸው አንዲት እናት፣ ባላቸው የሞቱባቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ ቆፋሪዎቹ ቡና ሲጠጡ መጥተው ጫፉ ላይ ቆሙና፦

«አንተ ልጅ፣ ይህ ውሃ እዚህ ከደረሰ በኋላ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ስርጧን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል» አልኋቸው።

«ስርጧማ የእኔ ማሳ ናት» አሉና ሄዱ። እኔም ይህንን የጻፍሁት ዛሬ ማታ ትዝ ስላለኝ ነው፤ ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ትናንት ሌሊት 18 ሚሊ ሜትር ወረደ። ማለዳ ስንወጣ ቦዩ ግማሹን ይዞ በእርጋታ ሲፈስ አገኘነው፤ ከቤቶቹ ደጃፍ አንድም የጎርፍ ዱካ የለም። ገበሬው ማሽላውን መዝራት ጀምሯል። ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለባልደረቦቼ አሳየሁ።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ትናንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከገደሉ በኩል ያለማቋረጥ ይበርቅ ጀመር። ሦስት ተኩል ላይ ዝናቡ ደረሰ። በማሠልጠኛ ማዕከሉ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሚሰማው ጩኸት የተነሣ ከባልደረባዬ ጋር በጆሮ ካልሆነ በቀር መነጋገር አልቻልንም። አራት ሰዓት አካባቢ ከዝናቡ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማን፤ እንደ ወፍጮ ያለ፣ የማያባራ ጉርምርምታ። ድንጋይ እየተንከባለለ ነበር። ባትሪና አካፋ ይዘን ወጣን።

ከቦዩ መነሻ 180 ሜትር ላይ ባለው መታጠፊያ ደለሉ ወለሉን ሞልቶት ውሃው በግድቡ ላይ ዘሎ አልፏል። አንድ ጊዜ ከዘለለ በኋላ ያን ጠቅጥቀን ያቆምነውን አፈር ለመናድ የፈጀበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ግድቡን በባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ለመዝጋት ሞክረን ነበር፤ ወገባችን ድረስ ሲደርስ ግን ተውነውና ወደ ቤቶቹ ወርደን በር እየመታን «ውጡ፣ ወደ ላይ!» ማለት ጀመርን። ቅርብ ያሉት ወደ መስጊዱ ግቢ፣ ወዲያኛው ዳር ያሉት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ወጡ። አዛውንቶችን በባሬላ ተሸከምናቸው፤ ያ ባሬላ ለዚህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ቆመ፤ ጎርፉ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጎደለም።

ጣሳው 47 ሚሊ ሜትር ይዟል። ሰው አልሞተም። አራት ቤት ጭቃ ገብቶበታል፣ የአንዱ ግድግዳ በከፊል ወድቋል፣ ሰባት ፍየሎችና አንድ አህያ ተወስደዋል። የእህል ጉድጓዶች ውሃ ገብቶባቸዋል፤ ስንቶቹ እንደሆኑ ነገ እናያለን።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝን ያየሁት ሲነጋ ነው። በቦዩ ውስጥ የቀረውና በደኅና ያለፈው ውሃ፣ ማለትም እንዳሰብሁት የሠራው ክፍል፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ተከማችቶ በመውረዱ የእትዬን ማሳ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። ቦረቦሩ 40 ሜትር ርዝመት አለው፤ በጥልቁ ቦታ ስገባበት ቁመቴን ሊውጥ ጥቂት ቀረው። ማሳው ባለፈው ሳምንት የተዘራ ነበር። ቦዩ ሳይኖር ጎርፉ በጎጡ ሁሉ ላይ ተበትኖ ይወርድ ነበር እንጂ እንዲህ በአንድ ቦታ አይቆርጥም ነበር። እርሳቸው ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ቀና ብለው አይተውኝ ምንም አላሉኝም።

ሚያዝያ 11፣ ማታ

በሚያዝያ ሳይሆን በየካቲት ማድረግ የነበረብኝን ስሌት ዛሬ ማታ በኩራዝ ሠራሁት። ዝናቡ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወርድ በ24 ሄክታር ላይ 12,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ግማሹ ቢሸሽ በሰዓት 6,000፣ በሰከንድ 1.67 ሜትር ኩብ ማለት ነው። የቆፈርነው ቦይ አግድም ሲቆረጥ ስፋቱ 0.54 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ውሃው በሰከንድ 1 ሜትር ቢሮጥ እንኳ የሚያሳልፈው 0.54 ሜትር ኩብ ነው። ከሚመጣው ውሃ አንድ ሦስተኛውን። ልኩን ከሌላ ጎጥ ሥራ ነበር የወሰድሁት፤ የዚያ ጎጥ ኮረብታ ከዚህኛው በጣም ያነሰ እንደነበር የማውቀው እኔው ነኝ። መጥፎ ግንበኛ በየቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት በር ያስገባል፤ እኔም ከዚያ የተሻለ አልሠራሁም።

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ

ቀኑ ሚካኤል ቢሆንም ቄሱ «እህል ማዳን ኃጢአት የለውም» ብለው ስለፈቀዱ ሁሉም የእህል ጉድጓድ ለመክፈት ወጣ። በዚህ ቆላ ማሽላ የሚከማቸው ጠርሙስ መሳይ፣ አፉ ጠባብና ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በደረቅ ዓመት ከነቀዝም ከሌባም ይጠብቃል፤ ውሃ ሲገባው ግን ከታች ወደ ላይ ይበሰብሳል። ባለፈው ዓመት አዝመራ በመጥፋቱ የብዙዎቹ ጉድጓድ ባዶ ነበር። ለዘር የተቀመጠችው ጥቂት እህል ግን በዚያው ውስጥ ነበረች።

ወጣቶቹ ክዳኑ እንደተነሣ ዘለው ሊገቡ ሲሉ አዛውንቶቹ ቀድመው ከለከሏቸው። እርጥብ እህል በታፈነ ጉድጓድ ውስጥ አየሩን ይጨርሰዋል፤ የገባ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የሚገባም አብሮት ይቀራል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ረጅም ጊዜ ይተዋል፤ ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ኩራዙ ከጠፋ ማንም አይገባም። ዛሬ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ኩራዙ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሰው የገባው ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በወገቡ ገመድ ታስሮ ነው።

ዐሥራ አንድ ጉድጓድ ከፈትን፣ ስድስቱ ርሰዋል። የራሰው ማሽላ በሰሌንና በቆዳ ላይ ተሰጥቶ በየሰዓቱ ይገለባበጣል፤ ለዘር እንዲሆን የበቀለውንና የሻገተውን ሴቶቹ በእጅ ይለቅማሉ። መንደሩ በሙሉ የጉድጓድ እህል ሽታ ሸትቷል።

ሚያዝያ 14፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ የሁለቱ ጎጥ ሽማግሌዎች በግራሩ ሥር ተቀመጡ። የታችኛው ጎጥ ሰዎች የመጡት ቦዩ እንዲደፈን ለማሳሰብ ነው፤ «የእናንተ ቤት እንዳይነካ የእኛ ማሳ መገፈፍ የለበትም» አሉ፤ የሚመለስላቸው መልስ አልነበረም። የላይኛው ጎጥ ሰዎች ደግሞ ቦዩ ከተደፈነ በሚቀጥለው ዝናብ ልጆቻቸውን የሚያጡት እነርሱ እንደሆኑ ተናገሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ሁሉም እውነቱን ሲናገር ዋለ።

ስህተቱ የእኔ መሆኑን ቆሜ ተናገርሁ። ስሌቱን በዱላ መሬት ላይ እየጻፍሁ ሳስረዳ የታችኛው ጎጥ አንድ አዛውንት አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ ቁጥሩን ተወው። ዐምና በዚህ ወር ለዝናብ ምህላ ይዘን ነበር፤ እነ ሼሁም ዱዓ ላይ ነበሩ። ዘንድሮ የመጣልንን ውሃ ሁላችሁም ወዴት እናባርረው ትላላችሁ። አባቶቻችን የኮረብታውን ጎርፍ እየጠለፉ ማሽላ ያጠጡ ነበር። አንድ ላይ አታምጣብን፤ ከፋፍለህ አምጣው።»

ጎርፍ ጠለፋ በዚህ ቆላም ሆነ በራያና ቆቦ ሜዳ የታወቀ ነገር ነው፤ ደረቅ ወንዝ ሲሞላ ውሃው በአፈርና በቅርንጫፍ ግድብ ተጠልፎ ወደ ማሳ ይገባል፣ ደለሉም ማዳበሪያ ይሆናል። እኔ ተምሬ የመጣሁት ግን ጎርፍን ስለ ማስወገድ ስለነበር፣ በቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ውሃ ለሰው የሚጠቅም ነገር ሊሆን እንደሚችል አላሰብሁም።

ስምምነቱ በቃል ተደረገ፤ ማታ በጽሑፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። የቦዩ ጫፍ በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል። ከኮረብታው ወገብ ላይ ሁለተኛ ቦይ ተቆፍሮ የ9 ሄክታሩን ውሃ በምሥራቅ በኩል ወዳለው፣ ወለሉ ዐለት ወደሆነ ወራጅ ይወስዳል። ለእትዬ የላይኛው ጎጥ ቦረቦሩን ያስተካክላል፣ ዘር ያዋጣል፣ ማሳውንም በደቦ ያርሳል። ከታችኛው ጎጥ 22 ሰው ለቁፋሮው ይጨመራል።

ሚያዝያ 18፣ ማክሰኞ

ሕማማት ነው። ክርስቲያኑ ለስግደት ስለሚሄድ ከትናንት ጀምሮ የላይኛውን ቦይ የሚቆፍሩት በአብዛኛው ሙስሊሞቹ ናቸው። ርዝመቱ 140 ሜትር ነው፤ ከግማሽ በላይ ሄዷል።

በኮረብታው ሦስት ስርጦች ላይ ክትር፣ ማለትም የጎርፉን ጉልበት የሚያበርድ አነስተኛ ግድብ፣ መሥራትም ጀምረናል። የተጠየቀው ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን፣ ስላልደረሰ በደረቅ ድንጋይና በእንጨት ችካል እንሠራለን። ክትር ሲሠራ ሰው ሁሉ ቶሎ ወደ ላይ ማቆም ነው የሚያምረው፤ የክትሩ ጤና ያለው ግን በማይታየው ክፍል ነው። መሠረቱ ግማሽ ሜትር ወደ ታች፣ ጎንና ጎኑም ግማሽ ሜትር ወደ ዳገቱ ካልገባ ውሃው በሥሩ ወይም በጎኑ ይዞረዋል። የመሐሉ አናት ደግሞ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል፤ ካለዚያ ጎርፉ ዳሩን በልቶ ስርጡን ያሰፋዋል። ርቀታቸውን የሚወስነው ተዳፋቱ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ክትር ተዳፋቱ 10 በመቶ በሆነበት ስርጥ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ቢቆም የአንዱ እግር የሌላው አናት ይደርሳል። ዛሬ ሰባቱን ጨረስን፤ አንዱን መሠረቱ ጥልቀት ስላልነበረው አፈረስሁት። የሠሩት ወጣቶች አኮረፉኝ።

ሚያዝያ 23፣ እሑድ

ፋሲካ ነው፤ ዘንድሮ ከጊዮርጊስ ጋር ውሏል። ትናንት ማታ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ሲያድር ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ሰባት ሙስሊም ጎረቤቶች አካፋ ይዘው መታጠፊያው ላይ አደሩ። አልዘነበም። ጠዋት ለእነርሱ ቡናና ቆሎ የያዙ ልጆች ከየቤቱ ወጡ።

ሚያዝያ 25፣ ማክሰኞ

የጫፉን ማከፋፈያ ገነባን። ወለሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎ ሦስት እኩል አፍ ተከፈተለት። የሦስቱ አፎች ደፍ በአንድ ልክ ካልሆነ ዝቅ ያለው ሁሉንም ውሃ ስለሚወስድ፣ ከእያንዳንዱ ጎጥ አንድ አንድ ሽማግሌ ውሃ ልኩን በየተራ በዓይናቸው እያዩ እስኪያምኑ ድረስ አራት ጊዜ ደገምነው። ከመሐንዲስ ይልቅ ሽማግሌ ነው የሚያስቸግረው፤ ተገቢም ነው፤ ሰው እርስ በርሱ የሚጣላው በዚህች 1 ሳንቲ ሜትር ነው።

የዋናው ቦይ ማስፋት ግን ዘግይቷል። አፉን 1.8፣ ወለሉን 1፣ ጥልቀቱን 0.8 ሜትር ማድረግ ነበረብን፤ እስካሁን የደረስነው ከመነሻው 200 ሜትር ድረስ ነው። መታጠፊያው በዚያ ውስጥ በመሆኑ ትንሽ ተንፍሻለሁ።

ሚያዝያ 27፣ ሐሙስ

33 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ሰዓት ገደማ። የላይኛው ቦይ የድርሻውን ወደ ዐለቱ ወራጅ ወሰደ። ክትሮቹ ኋላቸው እስኪሞላ ውሃውን ስለያዙት ጎርፉ መታጠፊያው የደረሰው ዘግይቶና ዝቅ ብሎ ነው፤ ግድቡን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከክትሮቹ ሁለቱ በጎናቸው ተበልተዋል። ያፈረስሁትና እንደገና የተሠራው ቆሟል፤ ወጣቶቹ ይህን ማየታቸውን በዓይኔ አረጋገጥሁ።

ማከፋፈያው ላይ የቀኝና የመሐሉ ቅርንጫፎች በትክክል ሠሩ። የግራው ከአፉ ሦስት ሜትር ርቆ ስለሚታጠፍ ደለል ሞላውና ድርሻው ወደ መሐሉ ዞረ። ጥፋቱ የመታጠፊያው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ማድረግ ነበረብን።

ግንቦት 1፣ ሰኞ

ልደታ ናት። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው ከደጅ ተቀምጠው ሲቃመስ ዋለ። በሬዲዮ በወላይታና በባሌ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት ማጥፋቱን ሰማን፤ ንፍሮው መካከል ዝም ተባለ። የሚያዝያ 10 ሌሊት በእኛም ላይ በዚያ ልክ ሊሆን ይችል ነበር።

ግንቦት 4፣ ሐሙስ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የጎጡን ምንጭ እንድንጠርግ ጠየቀች። ጎርፉ የከብት እበትና የሰው ዐይነ ምድር ወደ ምንጩ አስገብቷል፤ በዚህ ወቅት አተት የሚነሣው ከዚህ ነው። አጥሩን አድሰን ከላዩ ትንሽ መቀልበሻ ቆፈርንለት። እስኪጠራ ድረስ ውሃው እንዲፈላ፣ ማፍላት ያልቻለ ቤተሰብም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ እንዲጨምርበት ቤት ለቤት እየዞረች ነግራለች።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

እትዬ ማሳ ላይ ዋልን። የቦረቦሩን ገደል መሳይ ራስ በዶማ ቀርፈን ደልዳላ አደረግነው፣ ድንጋይ ነጠፍንበት፤ በውስጡ አራት ትንንሽ ክትሮች አቆምን፣ በዳሩ የዝሆን ሣርና ሰስፓኒያ የተባለውን የመኖ ቁጥቋጦ ተከልን። 18 ጥንድ በሬ ወጥቶ የተረፈውን ማሳ እስከ እኩለ ቀን አረሰው። ጠላውን የላይኛው ጎጥ አመጣ፤ ለሙስሊሞቹ ቡናው ነበር። ከየቤቱ የተዋጣው ዘር ዓይነቱ የተለያየ ስለነበር «የእኔ ማሳ ዘንድሮ የመንደሩ ሁሉ ማሽላ ይበቅልበታል» ብለው ቀለዱ። ሲቀልዱ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ማሽላው ዘግይቷል። ካልያዘ በሐምሌ ማሾ እንደሚዘሩበት ተነጋግረናል፤ ማሾ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፣ ገበያም አለው።

ወጪና ገቢውን ስጽፍ ማሳቸው ካለፈው ዓመት አንድ አራተኛ ያህል ጠብቧል። ይህን በደቦ መመለስ አይቻልም፤ ከቀኙ ቅርንጫፍ የሚደርሳቸው ውሃና ደለል በጥቂት ዓመት ያካክስ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ እያዩ እንዲወስኑ ተስማምተዋል። እርሳቸውም ተስማምተዋል፤ ደስ ብሏቸው ግን አይደለም።

ግንቦት 17፣ ረቡዕ

ትናንት 21 ሚሊ ሜትር ዘነበ። በቦረቦሩ ራስ ላይ የተከልኋትን የመለኪያ ችካል ጠዋት ሄጄ ለካሁ፤ ከችካሏ እስከ ጠርዙ 2 ሜትር ነበር፣ አሁንም 2 ሜትር ነው። እትዬ ከበስተጀርባዬ ቆመው ሜትሩን ሲያዩ ቆዩና ራሳቸው ከችካሏ እስከ ጠርዙ በእግራቸው ረገጡት። ከዚያ ወደ ላይ ተራመዱና ማከፋፈያው ላይ ደርሰው ጠሩኝ፤ የግራው አፍ እንደገና ደለል ይዟል። ቅርንጫፉን ነገ ጠዋት ጠርገን መታጠፊያውን እናሰፋዋለን፤ 12 ሰው ይበቃል።